ዘንድሮ ሐረር በኤረር በር ግቡ፦ የገና መልእክት ለወዳጆቻችን

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ከቁልቢ የተመለሳችሁ ድካሙ ወጥቶላችኋል፣ ቤት የከረማችሁም የዶሮውን ሽንኩርት መክተፍ ጀምራችኋል ብለን እናስባለን።

በዚህ ሰሞን የድሬዳዋና የሐረር መንገድ ሥራ ይበዛበታል። አንዱ ዘመድ ሊጠይቅ፣ ሌላው ሊዝናና ይመላለስበታል። ጉዞው ግን የሁሉም አንድ ነው፦ ረፋድ ላይ መነሣት፣ በሐረር በር መግባት፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ምሳ፣ ማታ ጅብ ማየት፣ በጨለማ የደንገጎን ቁልቁለት መውረድ። ይህን ሁሉ ተዉት አንልም። ከመካከሉ አንዷን ብቻ ቀይሩ። ሁለት ሦስቱን ባንድ ቀን የቀየረ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰዓት ሲያሰላ ይውላል፤ የመንገድ ላይ ኩርፊያም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል።

ቀላሉ ሰዓቱን መቀየር ነው። ከድሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ድረሱ። ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ስለሆነ 12 ሰዓት የደረሰ ሰው 12 ተኩል ቢነሣ ዕድለኛ ነው። በጊዜ መድረስ ወንበር ለመምረጥም ይጠቅማል። ከኋላ ጎማው ወዲያ ያለው የመጨረሻ ወንበር በየመጠምዘዣው ከሁሉም በላይ ይወዛወዛል፤ ዳገቱ ላይ ፌስታል የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ እዚያ የተቀመጡት ናቸው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋቢያችሁን በድሬ ሙቀት ተታላችሁ ሻንጣ ሥር አትቅበሩት፤ ከላይ ይሁን።

ጠላ ይዛችሁ ለምትወጡ ይህችን በደንብ ያዙልን። ጠላ ከተጠመቀ በኋላም ሥራውን አያቆምም፤ ጋዝ ያወጣል፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ዳገቱን ስትወጡ የውጪው የአየር ግፊት ይቀንሳል። ሁለቱ ሲገናኙ እስከ አፉ ተሞልቶ ጥርቅም ያለ ጀሪካን ሆዱ ይነፋል፣ በክዳኑ ዙሪያ ያንጠባጥባል፣ የጎረቤታችሁን ነጠላም ያበላሻል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 4 ሊትር ብቻ ቅዱበት። ክዳኑን ካጠበቃችሁ በኋላ ትንሽ መልሱት፤ ጀሪካኑን በእግራችሁ መካከል አቁሙት እንጂ አታጋድሙት። ደንገጎ ስትደርሱ ክዳኑን ከፈት አድርጋችሁ አስተንፍሱት፣ መልሳችሁ ግጠሙት። ዶሮ ወጡን በተመለከተ ደግሞ ሳይበርድ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይመለስበትና ያቀጥነዋል።

ሌላው መንገድ ላይ መውረድ ነው። ሐይቁን ለማየት ሐረማያ ላይ ለመውረድ ካሰባችሁ ገና ሳትነሡ ለረዳቱ ንገሩትና ሒሳቡን ተነጋገሩ፤ ከወረዱ በኋላ የሚነሣ የሒሳብ ክርክር በዓል ያደፈርሳል። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር፤ ለመስኖና ለከተማ ውሃ መሳቡ፣ ከተራራው የሚወርደው ደለልም ጨርሶት። የሐረር ውሃ በኋላ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ መምጣት ጀመረ። ሐይቁ አሁን ተመልሷል። ውሃው ዳር ጭቃው ስለሚይዝ የበዓል ጫማ አድርጋችሁ አትጠጉ።

ለእኛ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በሩን መቀየር ነው። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር ጥንታዊ ከተማ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሸዋ በርንና በኋላ ለመኪና የተከፈተውን ሐረር በርን ነው። እናንተ በባጃጅ ግንቡን ዞራችሁ በምሥራቅ በኩል፣ ኤረር በር ላይ ውረዱ። በ1855 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን ወደ ሐረር የገባው በዚህ በኩል ነው ይባላል። ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት በሩ ላይ ታርፋለች፤ እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ግቡ፣ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ይከርራል። ጎግል ማፕ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ግራ ያጋባል፤ ስልኩን ኪስ ክተቱት። ሽቅብ ከያዛችሁ ወደ ፈረስ መጋላ ትወጣላችሁ፣ ቁልቁል ከያዛችሁ ግንቡ ይመልሳችኋል። የተዘጋ መተላለፊያ ካጋጠማችሁ የሰው ደጅ ነውና ሰላም ብላችሁ ተመለሱ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ሰዉ ፊቱን ካዞረ ደግሞ ተዉት።

ቡናውንም ለአንድ ቀን አሳርፉት፤ ሆጃ እዘዙ። ሆጃ የቡና ገለባ በውሃ በደንብ ተፈልቶ ወተትና ጨው የሚገባበት ነው፤ ቁጢ ደግሞ ከቡና ቅጠል ይፈላል። የዋለ ወተት የሚፈላው ላይ ሲገባ ይበጣጠሳል፤ ፍርፍር ብሎ ከመጣላችሁ ምክንያቱ ያ ነው፣ ይቀየርልን በሉ። ጾም ካልፈታችሁ ያለ ወተት ይሠራላችኋል።

ጅብ ማየት የምትወዱ እዩ፤ በዚያው ግን ሐረር እደሩ። ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ባህላዊ ቤት የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቀደም ብላችሁ ደውሉ፤ መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ይችላልና ያንንም ጠይቁ። የማታው መንገድ ከአወዳይ በሚበሩት የጫት መኪኖች ሳቢያ ለዘና ያለ ጉዞ አይሆንም። በራሳችሁ መኪና የምትወርዱ ከደንገጎ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ሁለተኛ ማርሽ ግቡ። ፍሬን ላይ እግራችሁን አስቀምጣችሁ ከወረዳችሁ ይግላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያም መያዝ ያቆማል። ሲሸት ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ውሃ አታፍሱበት፣ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከሐረር ወደ ድሬ ለምትወርዱት አንድ ቃል፦ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ድሬ ትተኛለች፣ ብዙ ሱቅም ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ወርዳችሁ ቀፊራ ገበያ ላይ በፀሐይ አትንከራተቱ። 10 ሰዓት ላይ ግቡ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ተቀመጡ፤ ገበያው ማታ ይደርሳል።

ገና ዕለት መኪና ይጠፋል ብላችሁ አትስጉ። ከሹፌሮቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ የሚጠፋው ተሳፋሪ ነው። ሚኒባሱ ሳይሞላ ከዘገየ፣ የቀረውን ባዶ ወንበር ከሌሎቹ ተሳፋሪዎች ጋር ተካፍላችሁ ከፍላችሁ ተነሡ። መልካም ገና፤ ለከርሞው በጤና ያድርሰን።