አይበላም

ሰኞ ገበያ ቆሜ የራሴን ድምፅ አዳምጥ ነበር። አንድ ፒክአፕ መኪና ሞንታርቦ ጭኖ በገበያተኛው መሀል ቀስ እያለ ይሄዳል። «በአባ ሰንጋ የታመመ በሬ አይበላም» ይላል። ከአምስት ቀን በፊት ሌሊት ላይ የቀዳሁት ነው። ጥርት ብሎ ወጥቷል። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከጎኔ ገብስ የጫነች አህያ የያዙ አባት ቆመዋል። ከቦሩ ሜዳ በኩል የመጡ ናቸው። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞር አሉና፣

«እውነቱን ነው። በሬ ሲታመም መኖውን ይተዋል፤ አይበላም። እንዲህ ሲሆን በክት ሳይሆን ቶሎ ማረድ ነው» አሉት።

ክው አልኩ።

አባ ሰንጋ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ ነው። እኔ እንድናገር የተከፈለኝ ሌላ ነገር ነው። በሬውን ሰው አይበላውም ነው። አማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግ ይሆናል፤ ግን ልበለው። «በ» እና «ላ» ሲላሉ በሬው መብላት አቃተው ማለት ነው። ሲጠብቁ ደግሞ ሥጋው እንዳይበላ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው አፍ ብቻ ነው። ያ አፍ ደግሞ የኔ ነበር። አላልቼ ነው ያነበብኩት።

በድምፄ እንጀራ መብላት የጀመርኩት ሚኒባስ ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ነበርኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ሐረጎን ስትወርድ አየሩ ይለወጣል። ደሴ ጃኬቱን ቆልፎ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል። ለጉሮሮ ግን ይህ መፈራረቅ ከባድ ነው። ጠዋት በብርድ መናኸሪያ በር ላይ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ከሰዓት በአቧራና በሙቀት «ደሴ! ደሴ!» እላለሁ። በሁለተኛው ዓመት ድምፄ ተዘጋ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «ከጉሮሮህ አትጩህ፤ እህ እህ እያልክ አትጥረገው፤ ሹክሹክታም እንዳያምርህ፣ እሱም ያደክመዋል» አለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። ያን ሳምንት ነው ድምፅ ዕቃ መሆኑን ያወቅኩት። እንደ መጥረቢያ ይደንዛል፣ ይሳላል፣ ይሰበራልም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ጀመረ። ብዙ የጥበብ ሰዎች የአገሩን ሥራ ይጎዳል ብለው ተቃወሙ። ሰው ግን ያያል። ደሴም ማታ ማታ ወሬው እሱ ነበር። እኔ የማየው ከንፈር ነው። የቱርኩ ተዋናይ ከንፈሩን ሲገጥም አማርኛውም አብሮ ይገጥማል። ያ ሰው አዲስ አበባ የሆነ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ በሌላ ሰው ትንፋሽ እየተነፈሰ ነው የሚያለቅሰው። እኔም ይህን መሥራት አለብኝ አልኩ። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ተፈተንኩ። አልፈለጉኝም። ተመልሼ ሄድኩ። እንደገና «እንደውልልሃለን» ተባልኩ። በሦስተኛው ለአንድ ሥራ ትንንሽ ድምፆች ተሰጡኝ። የበር ጠባቂ፣ የፖሊስ፣ ከሕዝብ መሀል የሚጮህ ሰው። ብዙም ሳልቆይ እናቴ ታመመችብኝና ወደ ደሴ ተመለስኩ።

እዚህ ያገኘሁትን ሠራሁ። ጫማ መደብር በር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚደጋገመውን ድምፅ ቀዳሁ። የሠርግ ቪዲዮ ተረክኩ። አንዳንድ ሰው ይህንን ሥራ አይለውም። ሥራ ነው። «ሁሉም በ100 ብር» የምትለዋን አንዲት ሐረግ ሰውን ሳታሰለች በቀን አምስት መቶ ጊዜ እንድትሰማ አድርጎ መቅዳት ሙያ ይፈልጋል። ፈገግ ብለህ ካላልካት ማንም ወደ ሱቁ አይገባም። ፈገግታ ድምፅ ውስጥ ይሰማል።

ስቱዲዮ የምንላት ሆጤ አካባቢ ያለች አንዲት ክፍል ናት። የጓደኛዬ ናት። እሱ ይቀዳል፣ ኤዲት ያደርጋል፤ እኔ እናገራለሁ። ግድግዳዋን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍነናል። መጀመሪያ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈን ነበር። ካርቶን የውጭ ድምፅ እንደማያግድ የገባን የጎረቤት ሕፃን ልቅሶ ትረካ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ሲጠቁር ማይኩን እናጠፋለን። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ክፍሉ ውስጥ ሆነህ ራስህንም አትሰማም።

ቀን ደግሞ ባጃጅ አለ። ስለዚህ ሌሊት እንሠራለን። ከስምንት ሰዓት እስከ ሱብሂ አዛን ያለው ጊዜ የኛ ነው። ያኔም ቢሆን ጅብ አንድ ጊዜ ከጮኸ የሠፈሩ ውሻ በሙሉ ይነሳል። ጸጥ እስኪሉ እንጠብቃለን። ማይኩ ፊት በሽቦ ክብ ላይ የተወጠረ የሴት ስቶኪንግ አለ። መዳፍህን አፍህ ፊት አድርግና «ፖሊስ» በል። ያ መዳፍህን የመታው አየር ማይኩን ቢያገኘው እንደ ጥፊ ይሰማል። ስቶኪንጉ ይሰብረዋል። እኔ ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ርቄ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብዬ እቆማለሁ። ብርድ ቢሆንም ጃኬት አልለብስም፤ ይንኮሻኮሻል። ጋቢ እደርባለሁ። ለብ ያለ ውሃ አጠገቤ አለ። ቡና ከቀረጻ በፊት አልነካም፤ አፌን ያደርቀዋል። የእናቴን በረካ ሳልጠጣ ስወጣ ዛሬም ቅር ይላታል።

የአባ ሰንጋው ሥራ ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው የመጣው። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ መልእክት ነው። ጽሑፉ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ደረሰኝ። ለጠዋት ይፈለጋል ተባልኩ። እንዲህ ይላል፦ «ከብቱ ትኩሳት ይይዘዋል። ይንቀጠቀጣል። ለመተንፈስ ይቸገራል። በአባ ሰንጋ የታመመ በሬ አይበላም። ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።»

እስቲ አንተው አንብበው። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ መቸገር። ቀጥሎ የሚመጣው መብላት ማቆም ነው የሚመስለው። የበሽታው ምልክት ተደርድሮልሃላ። እኔም እንደዚያ ወሰድኩት። አንድ ጊዜ ግን ቆም ብያለሁ። ይህን አልደብቅም። «አይበላም» የምትለዋ ላይ ስደርስ የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። ጓደኛዬ በእጁ «እንድገመው?» አለኝ። ሰዓቱን አየሁ። አዛን ሊል ነው። «ይበቃል፣ ቆንጆ ነው» አልኩት።

ቆንጆ ነበር። ስህተቱም ቁልጭ ብሎ የሚሰማ ቆንጆ።

እንግዲህ ሰኞ ገበያ ላይ እነዚያ አባት ያንን ሲሉ የሰማሁት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። እየሮጥኩ መኪናውን ቀደምኩና የሾፌሩን መስኮት መታሁ።

«ወንድሜ፣ አጥፋው። ማይክ አለህ?»

«አለ። ምነው?»

«ድምፁ የኔ ነው። ተሳስቻለሁ።»

ልጁ ትንሽ አየኝ። አላመነኝም መሰለኝ። «በአባ ሰንጋ የታመመ በሬ» ብዬ በዚያው ድምፅ ስጀምርለት ማይኩን አውጥቶ ሰጠኝ።

ጽሑፍ አልያዝኩም። እጄ ይንቀጠቀጣል። «ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። ቅድም የሰማችሁት ድምፅ የኔ ነው፤ በደንብ አልተናገርኩትም» አልኩ። «በአባ ሰንጋ የታመመ ከብት እንዳይታረድ። ሥጋውን ማንም እንዳይበላ። ቆዳው እንዳይገፈፍ። ሞቶ ብታገኙትም እንዳትከፍቱት። ከአፉና ከአፍንጫው ደም ከወጣ በእጃችሁ አትንኩት፤ ሐኪም ጥሩ።» ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ከሆዴ አውጥቼ ነው የተናገርኩት፤ የመናኸሪያው ትንፋሽ እዚያ ጠቀመኝ።

ወርጄ ወደ እኚያ አባት ሄድኩ። አህያቸውን ይዘው እየጠበቁኝ ነበር።

«ለምንድነው የማይከፈተው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ይህን እንኳ አውቀው ነበር። መልእክቱ ውስጥ ያለውን የሐኪም ገጸ ባሕርይ ለመጫወት ስል ስለ በሽታው አንብቤያለሁ። «ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ አየር ያገኛል፣ አባቴ። ያኔ እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል። አፈር ውስጥ ስንትና ስንት ዓመት ይቀመጣል። እዚያ መሬት ላይ የሚግጠው ሌላ ከብት ከዓመታት በኋላም ሊያዝ ይችላል» አልኳቸው። በየዓመቱ ከብቶቹን ማስከተብ እንደሚያድንም ነገርኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የቀኝ ክንዳቸውን አሳዩኝ። በሌላኛው እጃቸው ጣት አንድ ቦታ ላይ ክብ ሠሩ። «የአክስቴ ልጅ የታመመ ላም አርዶ እዚህ ጋ ቁስል ወጣበት። ዙሪያው አብጦ መሀሉ ጠቆረ። ምች ነው ብለን ቅጠል አሰርንለት። ኋላ ሐኪም ቤት በመርፌ ተረፈ። አንተ የምትለው ይሄንን ነው?»

«አዎ፣ አባቴ። ይሄንኑ ነው።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም?»

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ትከሻዬን ቸብ አድርገው «በል አላህ ይቅር ይበልህ፣ ለሌላውም ንገር» ብለውኝ አህያቸውን ነዱ።

ያን ቀን ከሰዓት መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሌላ ቦታ እንዳይለቀቅ አልኩ። የተመለሰልኝ «እስካሁን ማንም አላስተዋለም፤ አንተም ተወው» የሚል ነው። አልተውኩትም። ጽሑፉን የጻፈችውን ልጅ ስልክ ፈልጌ አገኘሁ። ስነግራት እሷም ደነገጠች። ዐረፍተ ነገሩን አብረን ለወጥነው፤ «ሥጋውን ማንም እንዳይበላ» ሆነ። እንዲህ ከተጻፈ ማንም አንባቢ አላልቶም አጥብቆም ሊያጠፋው አይችልም። ያንኑ ሌሊት በራሳችን ወጪ እንደገና ቀዳነው። አዲሱን ፋይል እሷ አስገባችው። የቀረው ግማሽ ክፍያዬ አልመጣም። ሰባት ወርም ማንም ከዚያ አልደወለልኝም።

ሰባት ወር ረጅም ነው። የቤት ኪራይ አለ፤ የእናቴ መድኃኒት አለ። ቀን ሚኒባስ ላይ ተመለስኩ፤ ግን በጩኸት ሳይሆን ሒሳብ በመሰብሰብ። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ጮክ ብዬ አነባለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ። ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የእህቴን ልጅ መማሪያ መጽሐፍ። እርሳስ እይዝና አንድን ቃል ሁለት ጊዜ እላታለሁ፤ አንድ ጊዜ አላልቼ፣ አንድ ጊዜ አጥብቄ። ሁለቱም ትርጉም ከሰጡ ምልክት አደርጋለሁ። ገና። ዋና። ሽፍታ። አለ። ብዛታቸው ያስደነግጣል።

የምልክቱን ዘዴ የወሰድኩት ከሐዲስ ዓለማየሁ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። ልጅ ሆኜ መጽሐፉን ሳየው ነጥቦቹ የማተሚያ ቤት ቆሻሻ መስለውኝ ነበር። ያንን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ድምፁን ዛሬም አይረሳም። ሁላችንም ስለ ድምፁ ግርማ እናወራለን። እኔ አሁን ስሰማው የምከታተለው ሌላ ነው። የት አጠበቀ? የት አላላ? አንድም ቦታ ትርጉም አያስጠፋብህም። ደራሲው ነጥቡን አስቀመጡ፤ ተራኪውም ነጥቡን አከበረ።

አሁን ጽሑፍ ሲመጣልኝ አትሜ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ አደርግበታለሁ። ጓደኛዬ ከመቅዳቱ በፊት ወረቀቱን ያየዋል። ነጥብ ከሌለበት ማይኩን አይከፍትም።

ባለፈው ጽሑፏን ያረምናት ልጅ ሥራ ቀይራ ደወለችልኝ። «ስለ በግ ፈንጣጣ ነው፤ አንተ ካልሆንክ አልሰጥም» አለችኝ። ጽሑፉን ጥንቅቅ አድርጋ ነው የላከችው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁሉም ነጥቦች በቦታቸው ሆነው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «የታመመው በግ ከመንጋው ይለያል።» የሚጠብቀው ይታወቃል። ግን በጉ ራሱ ነው ከመንጋው የሚለየው? ወይስ እኛ ነን የምንለየው?

ደወልኩላት። በእንቅልፍ ድምፅ አነሳች። ጥያቄውን ነገርኳት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሉሁን ስትገልጥ ይሰማኛል።

«እኔ እንጃ» አለች በመጨረሻ። «ሲጻፍ የታየኝ እኛ እንድንለየው ነው። ሐኪሙ ግን ምልክቱንም ነግሮኝ ነበር። ጠዋት እሱን ጠይቄ ልደውልልህ?»

«ጠይቂው» አልኳት።

ጓደኛዬ ማይኩን አጠፋ። ጋቢዬን ተከናንቤ ብርድ ልብሱን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ የሱብሂ አዛን ተሰማ።