ለጫካ የሚሆኑ ቢላዎችን በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት እንዳሟላሁ

ለጫካ ቢላ ሲገዛ ገንዘብ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅና ውድ ቢላ ሁሉን ይሠራል ከማለት ነው። እኔ የተነሳሁት ከሥራው ነው፦ ለእሳት ማቀጣጠያ እንጨት መፋቅ፣ ካስማ ማሾል፣ ገመድ መቁረጥ፣ ምግብ መክተፍ፣ ማገዶ ማሳጠርና መፍለጥ። ጉልበት የሚጠይቁት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ማሳጠሩ ደግሞ የመጋዝ ሥራ ነው። ስለዚህ የያዝኩት የማይታጠፍ ቢላ፣ ሰንጢ፣ ታጣፊ መጋዝና መሳያ ነው። ገንዘብ ካጠረ ሰንጢው ይቆይ፤ መሳያው ግን አይቀርም፤ የደነዘ ውድ ቢላ ከሰላ ርካሽ ቢላ ያነሰ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው፤ ብዙ ስለሚጫኑት ያመልጣል።

ዋናውን ቢላ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ርዝመቱን ነው። ከ9 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት ይበቃል። ከዚያ ሲረዝም ጫፉ ከእጅ ይርቅና ለጥቃቅን ቅርጽ አይታዘዝም። ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል። ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቢላ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽንኩርትና ካሮትን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቃል፣ እንጨት ሲፋቅበትም ከባድ ነው።

ቀጥሎ ብረቱ ወደ እጀታው ምን ያህል እንደሚገባ አያለሁ። እስከ እጀታው ጫፍ የሚዘልቅ ከሆነ በጣም ጥሩ፤ ከእጀታው ግማሽ አልፎ የሚሄድ ሰፊ ጭራም (እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ክፍል) ለተለመደው ሥራ ይበቃል። ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ክብሪትና መንጠቆ የሚያስቀምጡበት እጀታ ያለውን ግን አልነካም። እዚያ ብረቱ የተያያዘው አብዛኛውን ጊዜ በቀጭን ብሎን ስለሆነ መጀመሪያ የሚለቀው መገጣጠሚያው ነው። በጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ ያለው ቢላም እንዲሁ፤ ጥርሶቹ በእንጨት ብናኝ ተሞልተው መቁረጥ ያቆማሉ፣ ለመፍለጥ ጀርባውን ሲመቱበትም መምቻውን እንጨት ይቦጫጭቁታል።

በአነስተኛ ዋጋ ይህን ሁሉ ከሚያሟሉት ውስጥ የስዊድኑ ሞራ ኮምፓኒየን ቀዳሚው ነው። ብረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ውፍረቱ 2.5፣ ሄቪ ዲዩቲ የሚባለው ደግሞ 3.2 ሚሊ ሜትር። ጭራው እስከ እጀታው መጨረሻ ስለማይደርስ እንደ መጥረቢያ በኃይል መደብደብ አይገባም። ስለቱ ስካንዲ የሚባለው ዓይነት ነው፦ በሁለቱም ጎን ወደ ስለቱ የሚወርድ አንድ ሰፊ ተዳፋት ብቻ ያለው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ተዳፋቱ ራሱ መሳያው ላይ ተኝቶ የመሳያውን ማዕዘን ያሳያል።

ካርቦን ብረት ወይስ የማይዝግ? ካርቦን ቶሎ ይሳላል፣ እርጥብ ከዋለ ግን በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ዝናብ ወይም ወንዝ ባለበት የማይዝገውን እመርጣለሁ። ፌሮ ሮድ የሚባለውን የእሳት መጫሪያ ዘንግ ለመፋቅ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ወሳኙ የጀርባው ጠርዝ ነው። ጠርዙ የተድቦለቦለ ከሆነ በሞረድ 90 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ ጠፍጥፎ መሞረድ ነው። በኤሌክትሪክ መሳያ ግን አይሞከር፤ ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ በዚያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል፣ ስለትም አይዝም። የብረቱን ዓይነት ሳይገልጽ «የማይዝግ» ብቻ የተጻፈበትን ቢላ እተወዋለሁ።

ለሰንጢ ኦፒኔል ቁጥር 8 በቂ ነው። ብረቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር፣ ስስ፣ ለምግብ የተመቸ፤ የሚሽከረከረው ቀለበት ድንገት እንዳይታጠፍ ይቆልፈዋል። ችግሩ የእንጨት እጀታው ውኃ ሲጠጣ ማበጡና ብረቱን ይዞ አልከፈት ማለቱ ነው። እጀታውን የተልባ ዘይት ቀብቶ፣ ትርፉን ጠርጎ ማድረቅ ይረዳል። የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልሎ መጣል ግን አደጋ አለው፤ በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

መጋዙ 18 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የክንድ ያህል ውፍረት ያለውን ደረቅ እንጨት ይቆርጣል። አንዳንዱ መጋዝ የሚቆርጠው ሲሳብ ብቻ ነው፤ ሲገፉ ከተጫኑት ይታጠፋል ወይም ይሰበራል።

በመጋዝ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የተቆረጠ፣ ጉጥ የሌለውና ውፍረቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ እንጨት በቢላ ይፈለጣል። ቢላው ሲቀመጥ ጫፉ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ከእንጨቱ መውጣት አለበት፤ የሚመታው ያ ነው። መምቻው እንጨት ይሁን፤ ድንጋይና መዶሻ ብረቱን ይጎዳሉ። እጀታው አይመታም፣ ወደ ጎንም አይጠመዘዝም። የቢላ ጫፍ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በመፈልቀቅ ነው። ቢላው ከተቀረቀረ ስንጥቁ ውስጥ የእንጨት ሽብልቅ አስገብቶ በእሱ መጨረስ ይሻላል።

ለመሳያ አንዱ ፊት 400 (ሻካራው)፣ ሌላው 1000 (ለስላሳው) ቁጥር የሆነ ባለ ሁለት ፊት የአልማዝ ሳህን እይዛለሁ፤ ለማርጠብ ጥቂት ውኃ ይበቃዋል፣ በውኃ እየራሰ እንደሚሠራው የመሳያ ድንጋይም መሐሉ አይጎደጉድም። ከመጀመሬ በፊት ተዳፋቱን በማርከር አጠቁራለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስስለው ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ቢላው በጣም ተኝቷል፣ ከስለቱ ዳር ብቻ ከለቀቀ ደግሞ ጀርባው ተነስቷል ማለት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲለቅ ማዕዘኑ ትክክል ነው። በተቃራኒው ጎን በስለቱ ሙሉ ርዝመት ትርፍ ብረት በጣት እስኪዳሰስ አንዱን ጎን ብቻ እስላለሁ፣ ከዚያ ሌላውን። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ትርፉ ብረት በጣት ሳይዳሰስ ወደ 1000 ከተሻገሩ ቢላው ያብረቀርቃል እንጂ አይቆርጥም። መጨረሻው ላይ ስለቱ ወደ ኋላ እየተጎተተ በቆዳ ቀበቶ ይወለወላል። ስለቱ ጠንካራ ጉጥ ላይ እየተሸራረፈ ካስቸገረ ጀርባውን ትንሽ አንስቶ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ጊዜ በሳህኑ ላይ በቀስታ ማሳለፍ ያጠነክረዋል።

አፎቱን ሳትፈትኑ አትግዙ። ከታች እጅ ሳይኖር ገልብጣችሁ ስታነቃንቁት ቢላው መውደቅ የለበትም፤ ከታች የውኃ መውጫ ቀዳዳም ይኑረው። የካርቦን ቢላ ቤት ሲቀመጥ ደርቆና የምግብ ዘይት በስሱ ተቀብቶ ከቆዳ አፎት ውጭ ይሁን፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል።