የማማው ልጅ

ሰውየውን መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ተቆጣኋቸው። ስልሳን ያለፉ የወምበርማ ገበሬ ናቸው። የታች የፊት ጥርሳቸው በምላስ ሲነካ ይወዛወዛል፤ ፕሮቡን፣ በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ጥልቀት የምለካበትን ቀጭን መሣሪያ፣ ሳስገባው 7፣ 8 ሚሊ ይወርዳል፣ ደሙም ይከተላል። ጤነኛ ድድ ከ3 አያልፍም። በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበርና «አባባ፣ ይኼ ሁሉ እስኪሆን ጥርስዎን አይፋቁም እንዴ?» ስል ድምፄ ከፍ ብሏል።

ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ጫፉ ያለቀ የወይራ መፋቂያ አወጡና ትሪው ላይ፣ ከመሣሪያዎቼ ጎን አጋደሙት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ ተለይቶ አያውቅ። ባለቤቴ ናት በዓል ካልመጣ የማትነካው። እሷ ገብስ ቆሎ ስትቆረጥም ግን ጎረቤት ይሰማል።»

አላመንኳቸውም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ተማሪ ሳለሁ የስሪላንካ ሻይ ለቃሚዎች ጥናት ፈተና ላይ መጥቶልኝ ጥሩ አድርጌ መልሻለሁ፦ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጥርስ መቦረሽ የማያውቁ 480 ወንዶች ለዓመታት የታዩበት። የሁሉም አፍ ቆሻሻ ሆኖ ሳለ ከመቶ 8 ያህሉ በፍጥነት ሲጎዱ፣ 11 ያህሉ ድዳቸው ከመቆጣት አላለፈም። ለፈተናው አምኜዋለሁ። ገበሬ ሚስቱን ምስክር ጠርቶ ሲነግረኝ ግን ሰበብ መሰለኝ።

ስኬሊንግ ሠርቼላቸው፣ ማለትም ጥርሳቸው ላይ የደረቀውን ቆሻሻ ፍቄላቸው፣ ሄዱ። በስድስተኛው ሳምንት ሲመለሱ ድዱ እንደዚያው ይደማል። ካርዳቸውን ወደ ኋላ ስገልጥ ከእኔ በፊት ያያቸው ባለሙያ፣ ስሙ ይቅር፣ ካልኩለሱን፣ ያንን የደረቀ ቆሻሻ፣ ሳይነካ ሦስት ዙር አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጽፎላቸዋል።

«ኪኒኑን ዋጥኩ፣ አንተም ፋቅኸኝ። ታዲያ ምኑ ነው እሚበላኝ፣ ልጄ?»

ያን ቀን ታካሚ ቀለል ብሎ ነበርና ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ባክቴሪያው ድዱ ሥር ሲከማች ነጭ የደም ሴል ይዘምትበታል። የሚረጨው ኢንዛይም ግን ወዳጅ ጠላት አይለይም፤ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ያሰረውንም ጅማት ይቆርጣል። ሴሎቹ የሚላላኩት መልእክት ሲበዛ ደግሞ አጥንት የሚያሟሙ ሴሎች ይነቃሉ። «አብዛኛው ጉዳት ከራስዎ ወገን ነው» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩና፣ «የማማው ልጅ ነዋ!» አሉ።

«የምን ልጅ?»

«በቆሎ ጠብቅ ብለን ማማ ላይ ያወጣነው። ዝንጀሮ አየሁ ብሎ ዘሎ ይወርድና ሲያባርር ይውላል። ማታ ሄደህ ስታይ ዝንጀሮው የበላው አምስት ራስ፣ ልጁ የሰበረው ስንት ትልም!»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«የሷ ልጅ ማማው ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። የኔውን ምን ነካብኝ?»

ይኼን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን። ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ ወይ ስላቸው፣ «አራት አምስቴ። የሸናሁበት ቦታ ጉንዳን ይወርበታል፤ እሱ ደሞ ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው?» አሉኝ። ደም አሰጠኋቸው፤ ስኳራቸው ከ340 በላይ። ስኳር ያንን ልጅ ያሳብደዋል፣ ቁስሉም ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። የድዱ ቁጣ ደግሞ በፈንታው ስኳሩ አልወርድ እንዲል ያደርጋል።

መድኃኒት ጀመሩ፣ እኔም ደግሜ ጠረግሁላቸው። በሦስተኛው ወር ደሙ ቆሟል ማለት ይቻላል፤ ሁለት ጥርስ ግን ነቅያለሁ፣ አልዋሽም።

የማማውን ልጅ ከዚያ ወዲህ ለታካሚ ሁሉ አወራዋለሁ። አንድ ጠዋት ስብሰባ ላይ ያ የሦስት ዙር ባለሙያ «አያቴ ገበሬ ነበሩ፣ ሲነግሩኝ...» ብሎ ሲጀምር ሰማሁት። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሰውየው ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። «እስቲ እይልኝ» አሉ፣ ፊታቸው ላይ የሙግት ደስታ እየተነበበ። አየኋቸው። የታች ጥርሳቸው በካልኩለስ ተለብዷል። ፕሮቡን ዙሪያውን አዞርኩት፦ 2፣ 3፣ 2፣ 3። ጠብታ ደም የለም፣ የሚነቃነቅ ጥርስ የለም።

«እህሳ?» አሉኝ አባባ።

«እናቴ» አልኩ ወደ ሴትዮዋ ዞሬ፣ «ጥርስዎን አይፋቁም እንዴ?»