ጫማው የት ነው?

ለዓመታት ባንክ ቤት ከሠራሁ በኋላ በፈረንጆቹ 2023 መጀመሪያ ላይ ሥራ ቀየርኩ። አዲሱ ሥራዬ የማራቶን ሯጮችን ጉዞ ማስተካከል ነው። ማናጀሩ ውድድሩን ይዋዋላል፣ አሰልጣኙ ያሠለጥናል፣ እኛ ደግሞ ሯጩን ከነጫማው መነሻው መስመር ላይ እናደርሳለን። የግብዣ ደብዳቤ፣ ቪዛ፣ ቲኬት፣ ሆቴል፣ የደረት ቁጥር፣ የመጠጥ ኮዳ፣ ሁሉም የእኛ ራስ ምታት ነው። ከዚያ በፊት ስለ ማራቶን የማውቀው በቴሌቪዥን የሚታየውን ብቻ ነበር። ሰውየው ጠዋት ይነሳል፣ ይሮጣል፣ ባንዲራ ይለብሳል። አለቀ።

አብረውኝ የሚሠሩት ሰው የቀድሞ ሯጭ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወሬ አያበዙም። መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛዬን አሳይተውኝ ሲያበቁ፣ "ውድድሩ እሁድ ነው፤ ጣጣው ግን ሐሙስ ይጀምራል" ብለውኝ ወጡ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የደረሰው በሚያዝያ፣ አውሮፓ ውስጥ በሚካሄድ አንድ ማራቶን ላይ ነው። እኔና ጋሼ ቀደም ብለን ሄደናል። አንዱ ሯጫችን ግን ቪዛው ስለዘገየ ሐሙስ ማታ ብቻውን መጣ። ልጅ ነው፤ ከአገር ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። መሀል ላይ ትራንዚት አድርጎ ወደ ትንሽ አውሮፕላን መቀየር ነበረበት። እሱን እንዴት ይወጣው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ በመድረሻው በር ከሰው ሁሉ መጨረሻ ብቅ አለ። ፈገግ ብሏል። ባዶ እጁን ነው።

"ሻንጣህስ?" አልኩት።

"ወሰዱት።"

"እነማን?"

"በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ። የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፣ እሺ አልኳት።"

ክው አልኩ። ብዙ የተጓዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አውሮፕላኑ ትንሽ ሲሆንና ከላይ ያለው የእቃ ቦታ ሲሞላ፣ የመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች የእጅ ሻንጣ እዚያው በር ላይ ወረቀት ይለጠፍበትና ወደ ታች ይወርዳል። ክፋት የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይደርሳል። የልጁ ሻንጣ ግን አልደረሰም። ውስጡ ደግሞ የውድድር ጫማው፣ መለያው፣ ቁምጣው እና ኮዳ ውስጥ የሚበጠበጠው ዱቄት ነበር። አደራ ብለን "ከእጅህ እንዳይለይ" ያልነው በሙሉ።

ጥፋተኛ ነው ብዬ ግን አላምንም። የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ፓስፖርትህን ይዛ በማታውቀው ቋንቋ ስትጠይቅህ፣ ከኋላህ ሰልፉ ሲያጉረመርም፣ ከ"እሺ" ሌላ ምን ይባላል? እኔም አዲሱ ሥራ ላይ የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት እሺ ስል ነው።

የጠፉ ሻንጣዎች ቢሮ ሄድን። ሠራተኛዋ ጨዋ ነች። ቅጽ ሰጠችን፤ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው፣ ጎማ አለው ወይ፣ በምን ይዘጋል። ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ ሻንጣው በሌላ በረራ ሌላ ከተማ እንደገባ ነገረችን። "ነገ፣ ካልሆነም ከነገ ወዲያ" አለች። በዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሻንጣ በ21 ቀን ውስጥ ካልደረሰ እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ካሳም ይጠየቅበታል። መብት አለን ማለት ነው። ማራቶኑ ግን እሁድ ጠዋት ነው።

ዓርብ ሻንጣው አልመጣም። መለያና ቁምጣ አላሳሰበንም፤ የትጥቅ ኩባንያው ተወካይ እዚያው ሆቴል ስለነበር ወዲያው ሰጠን። ጫማ ግን በልጁ ልክ አልነበረውም። "ከሱቅ እንግዛለት" አልኩ እኔ፣ የባንክ ቤት ጭንቅላቴን ይዤ። ጋሼ አዩኝና መልስ እንኳ አልሰጡኝም። በኋላ ነው የገባኝ። የዛሬ ዘመን የውድድር ጫማ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ መሀሉ ላይ የካርቦን ንጣፍ አለው። እያንዳንዱ ሞዴል እግርን የሚያነጥረው በራሱ መንገድ ነው። በልምምድ ያልሞከርከውን አጥልቀህ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ስትሄድ፣ ውሃ የቋጠረ ጣት ከተረፈህ ዕድለኛ ነህ። ባትህም ያልለመደው ጫና ይወድቅበታል።

ጋሼ ልጁን ጫማውን አስወለቁት። የሆቴሉ ስም የታተመበት ወረቀት ላይ አቆሙትና በእስክሪብቶ የእግሩን ዙሪያ አሰመሩ። ጣቶቹ ጋ ሲደርሱ ቀስ አሉ። ከዚያ በጥፍር መቁረጫ መቀስ ቆረጡት። የወረቀት እግር ይዘው ወጡ።

ፎቅ ለፎቅ ዞሩ። ሯጮች ቀን ቀን ጋደም ስለሚሉ ኮሪደሩ ጭር ያለ ነው። ጋሼ እያንኳኩ የሰው ጫማ ገልብጠው ወረቀቱን ሶሉ ላይ ያስደግፋሉ። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ አፍሬ ልሞት ነው። አንዱ አጠረ፣ አንዱ ሰፋ። በመጨረሻ የአንድ አሯሯጭ በር ላይ ደረስን።

አሯሯጭ ማለት ቡድኑን በተስማማው ፍጥነት እየመራ ወስዶ መንገድ ላይ የሚወጣ ሯጭ ነው። የእኛ ልጅ ያሰበው በ2:08 (በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ) መግባት ስለነበር ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ የሚመራው ይኸው ሰው ነው፤ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር። የሌላ አገር ሰው ነው። ከልጁ ጋር አንድም የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ወረቀቱን ሲያይ ግን ማብራሪያ አላስፈለገውም። አልጋው ሥር ገብቶ ሁለተኛ ጥንድ ጫማ አወጣ። አንድ ሁለት ረጅም ልምምድ የተሠራበት ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ የአቧራ መስመር አለው። ልጁ ከሚሮጥበት ሞዴል ጋር አንድ ቤት የተሠራ፣ የቀድሞው ዓመት እትም ነው። ወረቀቱ ልክክ አለ።

ጉዳዩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ ግን "የጫማው ቅጽስ?" አሉ።

የዓለም አትሌቲክስ ሕግ በጎዳና ውድድር ላይ የጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይከለክላል። ጫማውም የተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ሯጮቹም ከውድድሩ በፊት የሚሮጡበትን ሞዴል በቅጽ ያስመዘግባሉ። ጋሼ ይህንን ሲያስረዱኝ የቪየናን ነገር አነሱ። በመስከረም 2021 ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። ያጠለቀው ጫማ ሶሉ 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ በዋዜማው ያስመዘገበው ደግሞ ሌላ ጫማ ነበር። ድሉ ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። ያን ሁሉ መንገድ ሮጦ፣ አሸንፎ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር። ጋሼ ይህን ሲያወሩ እንደ ሐዘን ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ቅዳሜ ቴክኒካል ስብሰባው ላይ ጫማውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ዳኛው ለካ፣ ዝርዝሩን አየ፣ የድሮውን ሞዴል ሰርዞ አዲሱን ጻፈ፣ ፈረመ። ጋሼ ፊርማውን በስልካቸው ፎቶ አነሱት። እኔ ባንክ ቤት በነበርኩበት ጊዜ እንኳ ለፊርማ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አላየሁም።

የቀረው ኮዳ ነው። በእነዚህ ትልልቅ ውድድሮች ላይ ፊት የሚሮጡት መጠጣቸውን በየ5 ኪሎ ሜትሩ ከተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ ያነሳሉ። ከ5 እስከ 40፣ ስምንት ኮዳ ማለት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጥክ ከደርዘን ኮዳ መሀል የራስህን ለይተህ መንጠቅ አለብህ። ስለዚህ ይሸለማል። እኔና ልጁ ወለል ላይ ተቀምጠን ቀይና ቢጫ ፕላስተር ጠመጠምንበት። ክዳኑ ላይ ደግሞ ሽቦ አጥፈን ጣት የሚገባበት ጆሮ አበጀንለት። ዱቄቱንም ከሌላ ሯጭ ተዋስን። የልጁ ፈገግታ የተመለሰው ያኔ ነው። "ሠርግ ቤት መሰለ" አለኝ ኮዳዎቹን ደርድሮ እያየ።

ስለ ውድድሩ ብዙ የምለው የለኝም። ነፋስ ነበር። አሯሯጩ 30ኛው ላይ ወጣ፣ ልጁ እስከ 35 ድረስ ቡድኑ ውስጥ ነበር፣ ከዚያ ቀረ። ካሰበው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ገባ። በጫማው ነው? በነፋሱ ነው? ሲጨነቅ ስላደረ ነው? ጋሼን ጠየቅኳቸው። "ገና ጀማሪ ነው" አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ሻንጣው ሰኞ ደረሰ። ጫማው ከነሳጥኑ ደህና ነው።

የጋሼን መልስ በኋላ ነው ያደነቅኩት። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ጀማሪነት ምን ያህል ሰውን እንደሚያንገላታ አየሁ። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነው። በታኅሣሥ 3፣ 2023 ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጠ፤ በ2:08:59 ጨርሶ 37ኛ ወጣ። ያንኑ ቀን ሲሳይ ለማ በ2:01:48 አሸነፈ። የ41 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ በ2:04:19 አራተኛ ሆነ። ትዕግሥት አሰፋም 2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። በመጋቢት 2022 ሪያድ ላይ የሮጠችው የመጀመሪያ ማራቶን 2:34:01 ነው የወሰደባት። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2:15:37 ገባች። በመስከረም 2023 እዚያው በርሊን 2:11:53 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰኑን ከሁለት ደቂቃ በላይ አወረደችው። ይህን ጉድ ያየሁት አየር ማረፊያ ተቀምጬ በስልኬ ነው። ከጎኔ የነበረው ሰው ጩኸቴ አስደንግጦት ቦታ ቀየረ።

ቢሮአችን ከዚያ ሚያዝያ በኋላ ሁለት ነገር ቀየረ። አንደኛ፣ የውድድር ጫማ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። አንገት ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ከፓስፖርቱ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተጓዥ ኪሱ ውስጥ ካርድ አለው። በእንግሊዝኛ "የውድድር መሣሪያ ስለሆነ ከእኔ መለየት የለበትም፣ እባክዎን ወደዚህ ቁጥር ይደውሉ" ይላል። ካርዱን እንደማይቀበሉ ነግረውኝ የነበሩ ሰዎች አሉ። እስካሁን ግን ሲያሳዩት ሠራተኞቹ አንብበው ያሳልፏቸዋል። ልጆቹም ቆመው የሚያሳዩት ነገር ስላላቸው ነው መሰለኝ ከበሩ ላይ ዘና ብለው ነው የሚያልፉት። እኔ በግሌ ከቦርሳው ይልቅ ካርዱን ነው የምወደው።

ሌላው የዓመቱ ትርፍ እኔም መሮጥ መጀመሬ ነው። ሯጮቹ ሳይነሱ በጠዋት እወጣለሁ። ቫሌንሲያ ላይ የቱሪያ ወንዝ ይፈስበት የነበረው ቦታ ዛሬ ረጅም መናፈሻ ነው። ከ1957ቱ ጎርፍ በኋላ ወንዙን ከከተማው ውጭ አዞሩትና የድሮውን መሄጃ ዛፍ ተከሉበት። ከድልድይ ሥር ድልድይ እያለፍክ ትሮጣለህ፣ መኪና የለም፣ የትራፊክ መብራት የለም። ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላየሁም። አንድ ሽማግሌ በእርጋታ ቀድመውኝ አልፈዋል። ቅር አላለኝም። እሺ፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ጫማ ያዋሰው አሯሯጭ ከእኛ ጋር መጻጻፍ ጀምሯል፤ ለልጁም የምተረጉምለት እኔ ነኝ። አሯሯጭ ሆኖ መቅረት አልፈልግም፣ እስከ መጨረሻው ልሩጥ ይላል። ማናጀሩ መጀመሪያ አመነታ። ጋሼ ግን በ1994 ሎስ አንጀለስ ላይ ፖል ፒልኪንግተን አሯሯጭ ሆኖ ተቀጥሮ ሳይወጣ ቀርቶ ማሸነፉን አስታወሱት። በ2000ም ሳይመን ቢዎት በርሊን ላይ እንዲሁ አድርጓል። ማናጀሩ ሳቀና ለአንድ የፀደይ ውድድር ስሙን አስገባ። የግብዣ ደብዳቤው ባለፈው ሳምንት ደርሷል። የቪዛ ቀጠሮው ገና ነው፤ ሰኞ እደውላለሁ።