የአራት ሰዓቱ ከፍታ

ማክሰኞ ማታ፣ ኮዬ ፈጬ

የአየር ግፊት መለኪያዋ ሰንሰር ጤነኛ መሆኗን ዛሬ አመንኩ። ያሳመነኝ ግን ቁጥሯ ከስልክ ጋር መግጠሙ አይደለም፤ እንዲያውም ጨርሶ አይገጥምም።

የእህቴ ልጅ የስልኩን የአየር ሁኔታ ከፍቶ «ጋሼ፣ ይቺ ነገር ተበላሽታለች። ስልኬ 1024 ይላል፣ ይቺኛዋ 780 ላይ ተቀምጣለች» አለኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስልኩ የሚያሳየው ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ግፊት ነው፤ ከተማን ከከተማ ለማስተያየት እንዲመች ተራራውን በስሌት ያፈርሱታል። ሰንሰሯ ስሌት አታውቅም፣ ያለችበትን አየር ብቻ ነው የምትናገረው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው፤ ለአብራሪዎች ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላው ግፊት 1025 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ነው ሲባል፣ መሬቱ ላይ ያለው ግፊት 771 አካባቢ ነው። እኛ ከቦሌ ዝቅ ስለምንል 780 ብትል ያምርባታል። እዚህ ተቀምጣ የባሕር ጠለሉን አማካይ 1013 ብትል ነበር የምጠራጠራት።

መጀመሪያ የጠየቅኳት ማንነቷን ነው። ቢኤምኢ280 የሚባል የሰንሰር ሞዴል ነው ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቢኤምፒ280 የሚባለው ሆኖ ይገኛል፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ቢኤምፒዋ ግን እርጥበት አትለካም። የውስጥ መለያ ቁጥሯ ሲነበብ 60 ከሆነ ቢኤምኢ፣ 58 ከሆነ ቢኤምፒ ናት። የኔዋ 58 አለች። እርጥበቱን አልፈልገውም፤ ሻጩ ግን የቢኤምኢውን ሒሳብ መቀበል አልረሳም።

ከዚያ ከባትሪዋና ከትንሿ ስክሪኗ ጋር ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ከተትኳት። አየር እንደያዘ ዘጋሁትና በመዳፌ ቀስ ብዬ ተጫንኩት። ቁጥሩ ወዲያው ሽቅብ ወጣ፤ መዳፌን ሳነሳ ወደ ቦታው ተመለሰ። ንቅንቅ ባይል ኖሮ ወይ አየር የምታስገባበት ቀዳዳዋ ተደፍኗል፣ ወይ ፕሮግራሙ አንድ አሮጌ ቁጥር እየደጋገመ ነው። በአፋቸው እፍ የሚሉባት አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ትንፋሽ እርጥብ ነው። ፀሐይ ላይም አላስቀምጣትም፤ ብርሃን በቀዳዳዋ ገብቶ ሲሊከኑን ሲያገኘው ንባቡን ያዛባዋል።

ደረጃም መፈተኛ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 8 ሜትር ገደማ ሲወጡ አንድ ሄክቶፓስካል ይቀንሳል፤ እኛ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ 11 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ይዣት ስወጣ አንድ ከምናምን ቀነሰች። ደረጃ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤት «ስፖርት ጀመርክ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ አጭሩ መልስ እሱ ነበር።

ልቤን የሞላው ግን እጄን ሳላስገባ የመጣው ነው። ጥላ ቦታ፣ መደርደሪያ ላይ ትቻት የመዘገበችውን በግራፍ ሳወጣው መስመሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ጠዋት አራት ሰዓትና ማታ አራት ሰዓት አካባቢ ከፍ፤ ከሰዓት አሥር ሰዓትና ሌሊት አሥር ሰዓት አካባቢ ዝቅ። ልዩነቱ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሄክቶፓስካል ነው። የአየር ማዕበል ነው ይሄ። የባሕሩን በዋናነት ጨረቃ በስበቷ ታነሳዋለች፤ ይሄኛውን ግን ፀሐይ ናት በሙቀቷ የምትገፋው፣ ከላይ ኦዞኑ ከታች የውሃ ተኑ ጨረሯን እየመጠጡ ሲሞቁ። አውሮፓ ላይ የሚያልፈው ወጀብ ይሸፍነዋል፤ ወደ ምድር ወገብ ሲጠጋ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሁምቦልት በደቡብ አሜሪካ ሐሩር አገሮች ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) አይቶ ሰዓት መናገር ይቻላል ያለው ለዚህ ነው። እዚህም ከምስር ፍሬ የምታንስ ብረት ያንኑ ታደርጋለች።

ሙቀት ያሳሳታት ይሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግን ሙቀት ቢሆን ኖሮ ከቀኑ ጋር ወጥቶ ከሌሊቱ ጋር የሚወርድ አንድ ጉብታ ነበር የማየው። ሁለት ጉብታ የሙቀት ስህተት አይሠራውም። የሞተ ሰንሰር ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚያወጣው።

ከቦሌው ግፊት ተነስቼ ለቤቴ ከፍታ ካሰላሁት ጋር ሳስተያያት ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ ማስተካከያ ግን አላስገባሁም። አምራቹ ቦሽ ራሱ በጥቅሉ አንድ ሄክቶፓስካል ያህል ወዲህ ወዲያ ልትል ትችላለች ይላል፤ ለውጥ በመለየት ነው ጎበዝነቷ፣ እስከ 0.12 ድረስ። ደግሞ የቤቴን ከፍታ ያገኘሁት ከስልክ ጂፒኤስ ነው፤ እሱ 11 ሜትር ቢስት አንድ ሄክቶፓስካል ሄደ ማለት ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ እሷን ማረም አልፈልግም።

የእህቴ ልጅ አሁን የያዘው «ታዲያ ዝናብ ትነግረናለች?» የሚለውን ነው። እዚህ አትነግርም። የክረምት ዝናባችን ሲመጣም ቁጥሯ ከዕለቱ ማዕበል ብዙም አይወጣም፤ ለሱ ቀና ብሎ ደመናውን ማየት ይሻላል። የገዛኋት ለከፍታ ነው። ቅዳሜ እንጦጦ ይዘናት እንወጣለን፤ ጫፉ 3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ከቤት ንባቧ 70 ያህል መቀነስ አለባት። ሒሳቡን ራሱ እንዲሠራ ወረቀቱን ለሱ ሰጥቼዋለሁ።