መሰላሉ የት ይቁም?

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ በኩል ጂ ፕላስ ዋን እየሠራን ነበር። ቦታው 150 ካሬ ነው፤ ፊቱ 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 15። የፕላን ስምምነቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር ልቀቁ ስለሚል ለቤቱ የሚተርፈው ስፋት 6 ሜትር ብቻ ነው። ባለቤቱ ጋሼ ይሄ ነገር ከመጀመሪያው አልተዋጠላቸውም። እኔም አልፈርድባቸውም። ሰፈሩን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፣ ያ ሁለት ሜትር የተሰበረ ብሎኬት፣ አሮጌ ቆርቆሮና የውሃ ሮቶ ማስቀመጫ ሆኖ ነው የቀረው። መኪና አያስገባ፣ ልጅ አያጫውት።

አሜሪካ ያለች እህታቸው የቤቷን ፎቶ ላከችላቸው። ቤቷ በአንድ ጎኑ ወሰኑ ላይ ልጥፍ ብሏል፣ በሌላው ጎን ሰፊ ግቢ አለው። ስልኩን ይዘው ሳይት ድረስ መጡ።

"ኢንጂነር፣ ቤቱን ወደ ግራ ግፋልኝ። ሁለትና ሁለት አራት ነው፣ መኪናዬ ይገባል። ካሬው ያው፣ የማንንም አልነካሁ።"

ስሌቱ ልክ ነው። ግን በሕንፃ አዋጁ መጀመሪያ ለውጡን ማስፈቀድ ይቀድማል፣ ይህንኑ ነገርኳቸው። "እሺ" ብለው ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ስደርስ ፎርማኑ ችካሉን ነቅሎ ወደ ግራ አስጠግቷል፣ ሁለት ጉድጓድም ተቆፍሯል። ማን እንዳዘዘው አልጠየቅኩም።

ሜትር አውጥቼ ፎርማኑን አጠገቤ አቆምኩት። የኮለኑ (የምሰሶው) ስፋት 30 ሳንቲም፣ ከሥሩ የሚፈሰው የኮንክሪት መሠረት፣ ፉቲንጉ፣ 1 ሜትር ከ60። ኮለኑ ወሰኑ ላይ ከቆመ፣ መሐሉ ከወሰኑ 15 ሳንቲም ገባ ብሎ ነው ማለት ነው፤ ፉቲንጉ ግን ከመሐሉ ወደ ሁለቱም ጎን 80 ይሄዳል። 65 ሳንቲም ጎረቤት ግቢ ውስጥ! እንዳይሻገር ከተፈለገ ኮለኑን ጠርዝ ላይ የሚያቆም ሌላ ዓይነት ፉቲንግ መንደፍ፣ ከውስጠኛው ኮለን ጋር በአግድም ቢም ማያያዝ ያስፈልጋል። ብረቱም ኮንክሪቱም ይጨምራል። ጥቁር አፈሩም አለ፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ከጣሪያው የሚወርድ ውሃ የአጥሩ ሥር ከተጠራቀመ የጎረቤትን ግንብ ይዞት ነው የሚሄደው።

ይሄን ሁሉ ሳብራራ የግራ ጎረቤታችን እትዬ ከአጥራቸው ማዶ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ጋሼም ደረሱ። እትዬ ሰላምታውን ጨርሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ልጄ፣ ይሄን ግድግዳ ስትለስኑት መሰላሉን የት ልታቆሙት ነው?"

ፎርማኑ አፉን ሞልቶ "እርስዎ ግቢ ነዋ" አለ።

"ጎመኔ ላይ?"

ጋሼ መሬት መሬት አዩ። እኔ በሜትርና በሳንቲም ስለፋበት የቆየሁትን ሴትየዋ በአንድ መሰላል ጨረሱት። ልስን ብቻ አይደለም እኮ። ቀለም አለ፣ አሸንዳ መጥረግ አለ፣ ግድግዳው ሲረጥብ ማየት አለ። ሁለቱ ሜትር ለዚህ ሁሉ ጎረቤት ደጅ እንዳትጠና ያደርግሃል።

የእህታቸው ቤትም ቢሆን እንዲሁ ተገፍቶ የተሠራ አይደለም። እንዲህ ዓይነት አቀማመጥ የሚፈቅዱ የአሜሪካ ከተሞች ቤቱ በአንድ ጎን ወሰን ላይ ሲያርፍ በሌላው ጎን የሚለቀቀው ቦታ እንዲሰፋ ያዛሉ፣ ወሰኑ ላይ ባለው ግድግዳ መስኮት ይከለክላሉ፣ ለጥገና የሚያስገባ ጠባብ መተላለፊያም ጎረቤት መሬት ላይ በውል ይመዘገባል። ብዙ ጊዜም ረድፉ በሙሉ አንድ ላይ ታቅዶ ነው የሚሠራው፤ የአንዱ ባዶ ግድግዳ የሌላው ሰው ሰፊ ግቢ ዳር ላይ ይውላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለኛ ጠባብ ቦታዎች ከግራና ቀኝ ቀጭን መተላለፊያ ይሄ ይሻላል። የማኅበር መንታ ቤቶች አንድ ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ የለ? እነሱ ግን ከመጀመሪያው አብረው ታቅደው ነው። የእትዬ ቤት ከተሠራ ቆይቷል፣ በዚያ ላይ በኛ በኩል የመኝታ ቤት መስኮት አላቸው።

መኪናው ግን መግባት ነበረበት። ምድር ቤቱን በቀኝ በኩል፣ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ብቻ በአንድ ሜትር አጠበብነው፤ መኪና መግቢያው 3 ሜትር ሆነ። ላይኛው ፎቅ 6 ሜትሩን እንደያዘ በላዩ ላይ ወጣ ብሎ ቀረ፣ መኪናውም ጥላ አገኘ። ማሻሻያውን አስገብተን ሲፈቀድ ችካሉን እንደገና ተከልን። የሁለቱን ጉድጓድ ሒሳብ ግን ጋሼና ፎርማኑ እስካሁን ይጨቃጨቁበታል፣ እኔ መሐል አልገባም።