በደረሰኙ ላይ ያለው የአባቴ ስም

በቱሉ ዲምቱ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ቁም ሳጥን፣ የወጥ ቤት ካቢኔትና የበረንዳ ፍርግርግ ያሠሩናል። አብረውኝ የሚሠሩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሥራው ሳይሆን በሥራ ቦታ ስለ ቤተሰብ በኩራት ስለ መናገር ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ያጠፋሁትም የተማርኩትም እዚሁ ወርክሾፕ ውስጥ ነው።

በመስከረም 2016 መጨረሻ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ልጄ ማለፏን የሰማሁት በሥራ ሰዓት ነው። እናቷ ደውላ በለቅሶና በሳቅ መካከል ሆና ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ማሽኖቹ እንዲቆሙ አደረግሁ፤ ሁሉንም ሰብስቤ ውጤቷን በየትምህርቱ እየጠራሁ ተናገርኩ፤ ለስላሳና ዳቦ አስመጣሁ። ሁሉም እንኳን ደስ አለዎት አሉኝ። በያጃችን የብየዳ ማስኩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ለቁም ነገር ያብቃት» አለኝ። ከዚያም ማስኩን መልሶ፣ ጠዋት ተበይዶ ያለቀውን የፍርግርግ መገጣጠሚያ እንደገና መበየድ ጀመረ። ለስላሳውን አልነካውም። እኔ ግን የዚያን ዕለት ያየሁት ነገር አልነበረም፤ ይህን ሁሉ ያስታወስኩት በኋላ ነው።

የእሱም ልጅ በዚያው ዓመት ተፈትኖ ነበር። ያኔ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው እንዲፈተኑ ይደረግ ስለነበር፣ በሐምሌ ልጁን ሊሸኝ ፈቃድ ሲጠይቀኝ የፈቀድኩለት እኔ ራሴ ነበርኩ። ውጤቱን ግን አልጠየቅሁትም። ልጁ እንዳላለፈ የሰማሁት በማግሥቱ፣ ከሌላ ሠራተኛ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ያንን ፈተና ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.2 በመቶ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። ይህንን ቁጥር የጠቀስኩት የልጄን ብርታት ለማጉላት አይደለም። እኔ በዚያ ጠዋት ቆሜ ስናገር ከሚሰሙኝ መካከል በዚያው ፈተና የተጎዳ ወላጅ፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም መኖሩ የማይቀር እንደነበር ለማሳየት ነው። ከመቶ ሦስቱ ብቻ በሚያልፉበት ነገር የተደሰተ ሰው፣ ደስታውን የሚናገረው ለተቀሩት ዘጠና ሰባት ቤተሰቦች ነው። ያውም እኔ ደመወዝ ከፋይ ነኝ፤ ሠራተኛ አሠሪው ሲደሰት ፊቱን ማጥቆር አይችልም። ጎረቤት ቢሆን ሰበብ ፈልጎ ይሄድ ነበር፤ በያጁ ግን መሄጃ ስላልነበረው ወደ ተበየደው ብረት ዞረ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት ስለ ቤተሰቤ በሥራ ቦታ ጨርሶ ላለመናገር ወስኜ ነበር። እንደዚያ ሆኖ መቆየት ግን አልቻልኩም፤ ትክክልም አልመሰለኝም። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚጻፈው የአባታችን ስም ነው። ቀብድ ተቀብዬ ደረሰኝ በቆረጥኩ ቁጥር፣ ፕሮፎርማ ላይ በፈረምኩና ማኅተም ባሳረፍኩ ቁጥር፣ ከምጽፈው ስም ግማሹ የአባቴ ነው። ባለቤቴም አግብታ ስሟን ስላልቀየረች፣ በባንክ በምትፈርመው ፊርማ ውስጥ የእሷም አባት አሉ። ሥራዬ ቢበላሽ የሚበላሸው ስም የእኔ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በሥራው ቦታ ቤተሰቡን አያንሳ ማለት እንዴት ይቻላል?

አባቴ አቃቂ ከነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የሽመና ማሽን ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ነበሩ። ገበያ ወጥተን ልብስ ሊገዙልን ሲሉ ጨርቁን መጀመሪያ የሚያዩት ከጀርባው ነበር። ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ድሩን ይጎትቱታል፣ የተቋጠረ ክር ካለ በጣታቸው ያገኙታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊቱ የሚመለሱት። «ፊቱን ለገዢ ነው የሚሠሩት፤ ጀርባው ላይ ግን ሠራተኛው ራሱ አለ» ይሉ ነበር። እኛም የቁም ሳጥን ጀርባ በቀጭን ፖሊውድ ገጥመን ዳሩን ሳናስተካክል አንሰጥም፤ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ማንም የማያየው ቢሆንም። ደንበኛ ዋጋው ለምን ከሌላው ከፍ አለ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቅቄ ጀርባውን አሳየዋለሁ፤ የአባቴንም ነገር እነግረዋለሁ። በዚህ መንገድ ስለ አባቴ ስናገር ያፈርኩበት ቀን የለም፤ ሰሚውም ሲከፋው አላየሁም። ኩራቱ በእጁ ሊዳስሰው በሚችለው ነገር ላይ ያርፋል፤ ከእሱም ከቤተሰቡም ጋር የሚወዳደር ነገር የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አስፈላጊ ይመስለኛል። ዱሮ ነጋዴ ከነጋዴ ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ መጠየቅ እንደ ዋስትና የሚቆጠር ነበር፤ አባቱ የታወቀ ሰው ዕቃ በዱቤ ያገኝ ነበር። ዛሬ ይኸው ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ሰው ልቡ ይፈራል፤ የተጠየቀው ታማኝነቱ ይሁን ወይስ ዘሩ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። በተለይ እዚህ ከተማው ዳር፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በአንድ ግቢ በሚሠራበት ቦታ፣ የዘር ሐረግን እየቆጠሩ መኩራት ሌላውን ከደጅ ማስቀረት ነው። ስለዚህ እኔ ሠራተኛ ስቀጥርም ሆነ ከደንበኛ ጋር ስዋዋል ይህን ጥያቄ አላነሳም። አባትህ ምን ይሠሩ ነበር፣ ምን አስተማሩህ ብዬ ግን እጠይቃለሁ፤ ለዚህ መልስ የሌለው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንዱ አናጢያችን አባቱን በጨቅላነቱ ያጣ ነው፤ እሱ የነገረኝ ስለ እናቱ ነበር፣ ጠላ ጠምቀው እንዴት እንዳሳደጉት።

የምረቃ ጥሪም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። አሠሪ ወይም አለቃ የልጁን ምረቃ ጥሪ ካርድ በሥራ ቦታ ሲያድል፣ ካርዱ የደስታ ጥሪ ብቻ አይሆንም። ሠራተኞቹ መዋጮ ያዋጣሉ፣ ስጦታ ይገዛሉ፤ ያልሰጠ እንዳይታወቅበት ተበድሮም ቢሆን ይሰጣል። የእኔ ልጅ ስትመረቅ፣ ፈጣሪ ቢፈቅድ፣ ለሠራተኞቼ ምሳ እዚሁ ወርክሾፕ አዘጋጃለሁ፤ ስጦታ ግን ከማንም እንደማልቀበል አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።

ስለ ልጄም አንድ ነገር ልጨምር። ውጤቷ በመጣ ሰሞን ፎቶግራፏን ከነውጤቷ የወርክሾፑ የቴሌግራም ቻናል ላይ፣ በካቢኔት ፎቶዎች መካከል ለጥፌው ነበር። እናቷ ዓይን ፈርታ አውርደው አለችኝ፤ ችላ አልኩ። ማታ ልጄ ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አባዬ፣ በእኔ ደስ ማለትህ ደስ ይለኛል፤ ግን የማላውቃቸው ደንበኞችህ ውጤቴን እንዲያውቁ አልፈልግም» አለችኝ። ዓይን ከመፍራት ይልቅ ይህ አባባሏ ከበደኝ፤ ያንኑ ማታ አነሣሁት። የአባቴን ታሪክ ለደንበኛ ስነግር የምነግረው ከሳቸው የወረስኩትን ነው፤ የልጄ ውጤት ግን የእሷ ድካም ነው፣ ለማን እንደሚነገር የመወሰን መብቱም የእሷ ነው። ልጆቻችንን ስለምንወድ ብቻ ይህን መብት የወሰድን የሚመስለን ወላጆች ብዙ ነን።

በያጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ጋሼ፣ ምን አጠፉ?» ብሎ ነገሩን ሊያልፈው ሞከረ፤ እኔም አላስጨነቅሁትም። ባለፈው ጥር ግን፣ ሻይ ላይ ሳለን፣ ስለ ልጁ ጠየቅሁት። ልጁ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ እየተማረ ነው። በሚኖሩበት ብሎክ የውኃ ፓምፑ ሞተር ተቃጥሎ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጄሪካን ሲያመላልሱ ከርመው፣ ልጁ ፓምፑን ፈትቶ የተቃጠለውን ሽቦ አንድ በአንድ አውጥቶ እንደገና እንደጠመጠመው፣ የጠመጠመበትን ቁጥር በደብተሩ ጠርዝ ላይ እንደጻፈው፣ ማታ ላይ ውኃው አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ወጥተው እንዴት እልል እንዳሉ ነገረኝ። ሲናገር ማስኩን ከራሱ ላይ አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ሽቦው እንዴት እንደሚጠመጠም በጣቱ በአየር ላይ ያሳየኛል። አንድ ደንበኛ የፍርግርጉን ልኬት ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። እንዲቀመጥ ወንበር ሰጠሁትና ወደ በያጁ ተመለስኩ፤ ሽቦው ስንት ዙር እንደሆነ ገና አልነገረኝም ነበርና።